የድሮ የአሜሪካ ፊልም ፖስተር ኦሪጅናል መሆኑን ቤታችሁ ሆናችሁ እንዴት ትለያላችሁ?

የሚደርሰኝ ጥያቄ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። አንዱ ከኢስቴት ሴል (የሟች ቤት ዕቃ ሽያጭ)፣ ሌላዋ ከትሪፍት ስቶር (ያገለገለ ዕቃ መሸጫ)፣ ሌላው ደግሞ ከገዛው ቤት ምድር ቤት የድሮ የፊልም ፖስተር ያገኛል። ፎቶ ይነሳና ይላክልኛል። ከሥሩ «ይሄ ነገር ኦሪጅናል ነው? ስንት ያወጣል?» ይላል። ፎቶው የፊት ገጹ ብቻ ነው። ብዙ ጊዜም ከነመስታወቱ ነው፤ የሳሎኑ መብራት መሃሉ ላይ ያበራል።

ከእንደዚህ ያለ ፎቶ ተነስቶ መልስ መስጠት አይቻልም። አስመስሎ የሚያሳትም ሰው መጀመሪያ የሚገለብጠው ፊቱን ነው። መልሱ የሚገኘው በልኩ፣ በእጥፋቱ፣ በጀርባው፣ ከታች ባለው ደቃቅ ጽሑፍና በቀለሙ ነጠብጣብ ነው። እነዚህን ሁሉ ራሳችሁ ማየት ትችላላችሁ።

መመሪያው ከ1940 እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ ድረስ በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ለተሰቀሉ ፖስተሮች ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ከዚያ በፊት ለታተሙት አንዳንዱ ምልክት አይሠራም። ከ1980ዎቹ ወዲህ ለታተሙትም እንደዚሁ።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- በኢንች የሚያነብ ሜትር። ፖስተሮቹ የታተሙት በኢንች ልክ ስለሆነ በሴንቲሜትር ስትለኩ ልዩነቱ ሊያመልጣችሁ ይችላል።
- 10 እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ የሚያጎላ ሌንስ። ወርቅ ሠሪዎች ዓይናቸው ላይ የሚያደርጉት ትንሹ ይበቃል።
- ብላክ ላይት የሚባለው የአልትራቫዮሌት የእጅ ባትሪ። ርካሹም ይሠራል።
- ሰፊ ጠረጴዛና የታጠበ ነጭ አንሶላ።
- እርሳስና ማስታወሻ። እስክሪብቶ ፖስተሩ አጠገብ አይድረስ።
- ማይላር የሚባለው ጥርት ያለ የፖሊስተር ከረጢትና አሲድ የሌለው ካርቶን። እነዚህ ለማስቀመጫ ናቸው፤ ምርመራው ካለቀ በኋላ መግዛት ይቻላል።

ጓንት አልጠቀስኩም። የጥጥ ጓንት ጣትን ያደነዝዛል፤ የተሰነጠቀ ጠርዝም ይይዝና ይቀድዳል። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ በደንብ አድርቁ፣ ቅባት አትቀቡ። ቡናውን ሌላ ጠረጴዛ ላይ አድርጉት።

1. ከፍሬሙ አውጡት

ፍሬሙን በፊቱ አንሶላው ላይ አስተኙት። የኋላ ሚስማሮቹን ንቀሉ፣ ካርቶኑን አንሱ፣ ከዚያ ወረቀቱን አውጡ። ይህን ሳታደርጉ የቀሩትን ደረጃዎች መሥራት አይቻልም። ልኩ ፍሬሙ ሥር ተደብቋል፤ ጀርባውም አይታይም።

ማስጠንቀቂያ፦ ወረቀቱ መስታወቱ ላይ ከተጣበቀ አትጎትቱ። እርጥበት ያጣበቀው ቀለም ከወረቀቱ ተላቆ መስታወቱ ላይ ይቀራል። ከኋላው ካርቶን ጋር በሙጫ ከተለጠፈም አትላጡት። ሁለቱም የወረቀት ጥገና ባለሙያ ሥራ ናቸው።

ፍሬም የሌለው የታጠፈ ፖስተር ከሆነ፣ ከመክፈታችሁ በፊት ቤት ውስጥ አንድ ቀን ይቆይ። በተለይ በክረምት ሂተር ያደረቀው ወረቀት ሲዘረጋ እጥፋቱ ላይ ይሰበራል። ስትከፍቱ በመዳፋችሁ ከሥር ደግፉ። እጥፋቱን ወደ ተቃራኒው በፍጹም አትጠፉት።

2. ለኩ

ብዙ ፌክ እዚህ ላይ ይጋለጣል። ሲኒማ ቤቶች ፖስተር የሚሰቅሉት ልኩ አስቀድሞ በታወቀ መስኮት ውስጥ ስለነበር አታሚዎቹ እንደፈለጉ አይቆርጡም ነበር። ዋናዎቹ ልኮች እነዚህ ናቸው፦

- ዋን ሺት፦ 27 በ41 ኢንች፣ ማለትም ወደ 68.5 በ104 ሴንቲሜትር። በስስ ወረቀት።
- ሃፍ ሺት፦ 22 በ28 ኢንች፣ ወፈር ባለ ወረቀት፣ አግድም።
- ኢንሰርት፦ 14 በ36 ኢንች፣ ወፈር ባለ ወረቀት፣ ቀጭንና ረጅም።
- ዊንዶው ካርድ፦ 14 በ22 ኢንች፣ ጠንካራ ካርቶን። የሲኒማ ቤቱ ስምና ቀን እንዲታተምበት ከላይ ባዶ ቦታ ይተውለታል። ይህ ቦታ ተቆርጦ የሚገኝበት ጊዜ አለ።
- ሎቢ ካርድ፦ 11 በ14 ኢንች፣ ብዙ ጊዜ በ8 ስብስብ።
- ስሪ ሺት፦ 41 በ81 ኢንች፣ በቁርጥራጭ ታትሞ የሚገጣጠም።

ግማሽ ኢንች ቢጎድል ወይም ቢተርፍ አትደንግጡ። የወረቀት መቁረጫው ያኔም እንከን የለሽ አልነበረም። የምትለኩት ግን ከወረቀቱ ጫፍ እስከ ጫፍ ነው እንጂ ሥዕሉን ብቻ አይደለም።

ዋን ሺት ነው የተባላችሁት ነገር 24 በ36 ኢንች ከወጣ ነገሩ አለቀ። ይህ በሱቅ የሚሸጥ የግድግዳ ፖስተር ልክ ነው። 27 በ40 ከሆነ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ ዋን ሺት ወደዚህ ልክ የወረደው በ1980ዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። አንድ ኢንች ምን ያመጣል አትበሉ። በ1950ዎቹ ፊልም ላይ ያ አንድ ኢንች ብዙ ይናገራል። ሕዳጉ ተቆርጦም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አራቱንም ጠርዝ ተመልከቱ፤ ነጩ ሕዳግ በአንድ በኩል ብቻ ከጠበበ መቀስ ገብቶበታል።

ልኩ ትክክል ስለሆነ ብቻ ኦሪጅናል ነው ማለት ግን አይደለም። ሎቢ ካርድን በትክክለኛው 11 በ14 ልክ አስመስሎ ማተም ቀላል ነው፤ ገበያውም ሞልቷል።

3. እጥፋቱን በጣት ዳስሱ

እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ዋን ሺት ለሲኒማ ቤቶች የሚላከው ታጥፎ ነበር። አንድ ጊዜ በቁመቱ፣ ሦስት ጊዜ በአግድም ይታጠፋል። ስትዘረጉት ስምንት ክፍል ታያላችሁ። መስመሮቹ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ብዙ ጊዜ ቀለሙ ተልጧል፤ ትንሽ ቀዳዳም ሊኖር ይችላል።

አሁን ዓይናችሁን ጨፍኑና ጣታችሁን በቀስታ በመስመሩ ላይ አሂዱ። እውነተኛ እጥፋት ይሰማል፤ ወይ ጎድጉዷል ወይ ከፍ ብሏል። ቅጂ አታሚው የታጠፈ ኦሪጅናል ፎቶ ካነሳ ግን የእጥፋቱ መስመር ከሥዕሉ ጋር አብሮ ይታተማል። ዓይን እጥፋት ያያል፤ ጣት ግን ልስልስ ያለ ወረቀት ነው የሚያገኘው። ወረቀቱን ገልብጡት። ከፊት ያለው መስመር ከኋላ ከሌለ ያያችሁት እጥፋት ሳይሆን የእጥፋት ፎቶ ነው። የቴፕ ምልክት፣ የቡና ጠብታ፣ የቀዳዳ ጥላ ሳይቀር አብረው ይታተማሉ።

ያልታጠፈ የ1950ዎቹ ዋን ሺት ቢገጥማችሁስ? በጭራሽ የለም አይባልም። ግን ብርቅ ስለሆነ የቀሩትን ደረጃዎች በጥርጣሬ ዓይን ሥሩ። ሃፍ ሺትና ኢንሰርት ታጥፈውም ተጠቅልለውም ይገኛሉ። ሎቢ ካርድ ግን አይታጠፍም።

4. ጀርባውን እዩ

የእኔ ተወዳጅ ደረጃ ይህ ነው፤ ሻጮች ፎቶ የማያነሱት ገጽም ይሄው ነው። ከኦሪጅናል ጀርባ የምትጠብቁት፦

ወረቀቱ የማያብረቀርቅ ነው። ፖስተሩ ለጥቂት ሳምንት ብቻ እንዲሰቀል በርካሽ የእንጨት ወረቀት ላይ የታተመ ስለሆነ በጊዜ ብዛት ይቢጫል። ቢጫነቱ እኩል አይደለም። አየርና ብርሃን የደረሰው ጠርዝና ከውጭ የሆነው እጥፍ ክፍል ጠቆር ይላል። ሻይ ተነክሮ ያረጀ የተመሰለ ወረቀት ግን ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ቀለም አለው፤ ወይም እንደ ደመና ይዥጎረጎራል።

ታጥፎ ሲላክ ከውጭ በሚሆነው ክፍል ላይ አንዳንዴ የፊልሙ ስምና ቁጥር በማኅተም ቀለም ተመትቶ ታገኛላችሁ። መጋዘን ውስጥ ሳይከፈት እንዲለይ ነው። ይህ ካለ ደስ የሚል ምልክት ነው፤ ባይኖር ግን ምንም ማለት አይደለም። ማዕዘኖቹ ላይ የመርፌ ቀዳዳ መኖሩም መጥፎ አይደለም። ዋጋውን ትንሽ ይቀንስ ይሆናል እንጂ ተሰቅሎ እንደነበር ያሳያል።

የፊቱ ሥዕል ከኋላም ተገልብጦ ከታተመ ግን አቁሙ። በሁለት በኩል የሚታተም ፖስተር ከኋላው መብራት ላለው ሳጥን የተሠራ የኋለኛው ዘመን ነገር ነው። የ1950ዎቹ በአንድ በኩል ብቻ ነው የታተሙት።

ጨርቅ ላይ የተለጠፈ ቢሆንስ? ውድ ፖስተሮችን በስስ ወረቀትና በሸራ ላይ በስንዴ ሙጫ መለጠፍ የታወቀ የጥገና ዘዴ ነው። ችግሩ ጀርባውን ይሸፍናል። ውድ ዋጋ ከተጠየቃችሁ ከመለጠፉ በፊት የተነሳ የጀርባ ፎቶ ጠይቁ። ከሌለ ደረጃ 7ን ሁለት ጊዜ ሥሩ።

5. የታችኛውን ሕዳግ አንብቡ

ሌንሱን ከማንሳታችሁ በፊት በዓይናችሁ የታችኛውን ነጭ ሕዳግ ከግራ ወደ ቀኝ አንብቡ።

ከ1940 ጀምሮ ናሽናል ስክሪን ሰርቪስ የተባለ ድርጅት የአሜሪካን ስቱዲዮዎች ማስታወቂያ ለሲኒማ ቤቶች ያከፋፍል ነበር። ሰብሳቢዎች በአጭሩ ኤንኤስኤስ ይሉታል። ድርጅቱ ለየፊልሙ ቁጥር ይሰጥ ነበር። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ በስተቀኝ ጥግ ይገኛል። ለምሳሌ 58/123 የሚል ካያችሁ፣ 58 ማለት 1958 ነው፤ 123 ደግሞ ለፊልሙ በዚያ ዓመት የተሰጠው ተራ ቁጥር ነው። አጠገቡ ፖስተሩ የድርጅቱ ንብረት እንደሆነና ፊልሙ ሲያበቃ እንዲመለስ የሚያዝዝ በደቃቁ የተጻፈ ማሳሰቢያ አለ። መልሱ ተብለው ያልተመለሱት ናቸው ዛሬ የምንገበያያቸው።

ለአንድ ፊልም የተሰጠው ቁጥር በሁሉም ልክ ላይ አንድ ነው። የእናንተ ዋን ሺት ቁጥር ከዚያው ፊልም ሎቢ ካርድ ቁጥር ጋር መመሳሰል አለበት። ይህን ኢንተርኔት ላይ ባሉ ፎቶዎች ማመሳከር ይቻላል።

ከቁጥሩ በፊት «አር» የሚለው የእንግሊዝኛ ፊደል ካለ ፊልሙ እንደገና ሲወጣ የታተመ ነው። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው። «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» የተባለው የ1939 ፊልም በ1947፣ በ1954፣ በ1961 እና በ1967 እንደገና ለሲኒማ ወጥቷል። በየጊዜው አዲስ ፖስተር ታትሞለታል። «አር 54» የሚል ፖስተር የውሸት አይደለም፤ እውነተኛ የሲኒማ ቤት ፖስተር ነው። ግን የ1954 ነው፣ የ1939 አይደለም። የዋጋው ልዩነትም የሰማይና የምድር ነው። የፊልሙን ዓመት ከፖስተሩ ዓመት ለዩ።

ማስጠንቀቂያ፦ ቁጥሩ መኖሩ ብቻውን ማረጋገጫ አይደለም። ቅጂው ከኦሪጅናሉ ፎቶ ሲሠራ ቁጥሩም አብሮ ይገለበጣል። አለመኖሩም ፌክ ነው አያሰኝም፤ በድርጅቱ በኩል ያልተከፋፈሉ ፖስተሮች አሉ። ከዚያ ውጭ የሊቶግራፊ ማተሚያ ቤት ስም ፈልጉ። በኦሃዮ ክሊቭላንድ የነበሩት ሞርጋን እና ኮንቲኔንታል ብዙ ጊዜ ይገኛሉ።

6. ከዘመኑ ጋር የማይሄድ ነገር ፈልጉ

ይህ አጭር ነው፤ ግን የማያዳግም መልስ ይሰጣል።

ባርኮድ ካለ የሱቅ ዕቃ ነው። የድረ ገጽ አድራሻ ካለም እንደዚሁ። በሳጥን ውስጥ «ጂ»፣ «አር»፣ «ፒጂ» የሚል የዕድሜ ደረጃ ምልክት ካለ ከኅዳር 1968 በፊት ሊታተም አይችልም፤ የደረጃ አሰጣጡ የጀመረው ያኔ ነው። «ፒጂ» ደግሞ ከ1972 ወዲህ የመጣ ነው። የ1955 ፊልም ፖስተር ላይ «ፒጂ» ካያችሁ ወይ ዳግም ዕትም ነው ወይ ቅጂ። ኤንኤስኤስ ቁጥሩ ሰረዝ ከሌለውና ስድስት አሃዝ ተያይዞ ከተጻፈም ከ1977 ወዲህ ነው።

7. በሌንስ እዩ

አንድ ምልክት ብቻ ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ። ልኩን ማስተካከል ይቻላል። ወረቀትም ማስረጀት ይቻላል። ነጠብጣቡን ማስተካከል ግን ከባድ ነው።

ሌንሱን ዓይናችሁ አጠገብ አድርጉና ወረቀቱ በግልጽ እስኪታይ ድረስ ዝቅ በሉ። መጀመሪያ የተዋናዩን ፊት እዩ። በሥርዓት የተደረደሩ የቀለም ነጠብጣቦች ታያላችሁ። ኦፍሴት በተባለው የማተሚያ ዘዴ የሚታተም ሥዕል የተሠራው በእነሱ ነው። ይህ ኦሪጅናልም ላይ ቅጂም ላይ ሊኖር ስለሚችል ብዙ አይነግራችሁም።

አሁን ወደ ጽሑፉ ሂዱ። ከታች በደቃቁ የተጻፉትን የሠራተኞች ስሞችና የኤንኤስኤስ ቁጥሩን ምረጡ። ኦሪጅናል ላይ ፊደሉ ድፍን ቀለም ነው። ጠርዙ የጠራ ነው፤ ውስጡ ነጠብጣብ የለም። ምክንያቱም ማተሚያ ቤቱ ጽሑፉን ለብቻው በድፍን ቀለም ነው ያሳተመው። ቅጂ ላይ ግን አታሚው ገጹን በሙሉ እንደ አንድ ፎቶ ነው የወሰደው። ስለዚህ ፊደሉም እንደ ሥዕሉ ከነጠብጣብ ይሠራል። ጥቁሩ ፊደል ውስጥ ሰማያዊ፣ ቀይና ቢጫ ነጥብ ይታያል። ጠርዙ ይበላሻል። የ8 ቁጥር ሁለቱ ቀዳዳዎች በቀለም ተሞልተው ሊዘጉ ይችላሉ። ኤንኤስኤስ ማሳሰቢያው በሌንስ እንኳ የማይነበብ ጭቃ ከሆነ የምታዩት የፎቶ ፎቶ ነው።

ነጥቦቹ ሥርዓት ከሌላቸውና እንደ ተረጨ ነገር የተበተኑ ከሆነ ደግሞ ከኢንክጄት ፕሪንተር የወጣ ነው።

አንድ የተለየ ነገር አለ። በዚያ ዘመን ወፈር ባለ ወረቀት የታተሙ አንዳንድ ሎቢ ካርዶች፣ ኢንሰርቶችና ሃፍ ሺቶች ነጠብጣብ በማይጠቀም ዘዴ የተሠሩ ናቸው። በሌንስ ሲታዩ ቀለሙ የተፈጨ ይመስላል። ነጥብ ስላጣችሁ ብቻ ፌክ ነው አትበሉ፤ ወረቀቱንና ጽሑፉን እዩ።

8. ብላክ ላይት አብሩበት

ክፍሉን አጨልሙ። ባትሪውን በነጩ ሕዳግ ላይ ለጥቂት ሰከንድ አብሩ። አጠገቡ አዲስ የፕሪንተር ወረቀት ለማወዳደሪያ አኑሩ። አዲሱ ወረቀት ወደ ሰማያዊ ያደላ ደማቅ ብርሃን ይሰጣል፤ የሚያነጣ ኬሚካል ስላለበት ነው። ይህ ኬሚካል በወረቀት ፋብሪካዎች የተለመደው ከ1950 አካባቢ ወዲህ ነው። የ1940ዎቹ የተባለ ፖስተር እንደ አዲሱ ወረቀት ቦግ ካለ ቅጂ ነው። ከ1950ዎቹ አጋማሽ በኋላ ለታተመ ግን ይህ ፈተና ብቻውን አይፈርድም።

ሌላ ጥቅምም አለው። በኋላ የተቀባ ቀለም፣ ሙጫና የቴፕ ቅሪት ከዙሪያው ተለይተው ይታያሉ። «ምንም ጥገና አልተደረገበትም» የሚል ሻጭ ሲገጥማችሁ ያስፈልጋችኋል። ብርሃኑን በቀጥታ አትዩ፣ ልጆችም አይጫወቱበት።

9. ከተረጋገጠ ኦሪጅናል ጋር አወዳድሩ

የሄሪቴጅ ጨረታ ቤት ያለፉ ሽያጮችን ከነፎቶውና ከነዋጋው መዝግቦ አስቀምጧል፤ በነጻ ተመዝግቦ ማየት ይቻላል። በቤቨርሊ ሂልስ የሚገኘው የኦስካር አካዳሚው ማርጋሬት ሄሪክ ቤተ መጻሕፍትም ሰፊ የፖስተር ክምችት አለው፤ ከፊሉን በዲጂታል አቅርቧል።

ስታወዳድሩ ፊቱን ተዉትና የሕዳጉን ስፋት፣ ቁጥሩ ያለበትን ቦታ፣ የስሞቹን አደራደርና ጽሑፉ ከሥዕሉ ያለውን ርቀት እዩ። ቀለሙ ቢለያይ አትቸኩሉ፤ የስልክ ካሜራ ቀይን ብርቱካናማ ያደርጋል። ሥዕሉ ጨርሶ ከተለየም አትጣሉት። ለአንድ ፊልም «ስታይል ኤ» እና «ስታይል ቢ» ተብሎ ሁለት የተለያየ ፖስተር ማሳተም የተለመደ ነበር።

እንደ «ብሬክፋስት አት ቲፋኒስ» ያሉ በየካፌው ግድግዳ የምታዩዋቸው ፖስተሮች ላይ ጥርጣሬያችሁን እጥፍ አድርጉ። ዝነኛው ሁልጊዜ ብዙ ቅጂ አለው። ማንም የማያስታውሰውን የካውቦይ ፊልም አስመስሎ ለማተም የሚደክም ሰው ጥቂት ነው።

10. ያለበትን ሁኔታ በእርሳስ መዝግቡ

በማስታወሻችሁ ላይ እንጂ በፖስተሩ ላይ አይደለም። ቀዳዳውን፣ ቅዳዱን በኢንች፣ የተቆረጠውን ሕዳግ፣ ቴፑን፣ የደበዘዘውን ቀለም ጻፉ። ከዚያ አምስት ፎቶ አንሱ፦ ሙሉ ፊት፣ ሙሉ ጀርባ፣ የታች ቀኝ ጥግ፣ እጥፋቶቹ የሚገናኙበት ቦታ፣ አንዱ ከነሜትሩ። «ኦሪጅናል ነው?» ብላችሁ የምትጠይቁኝ ከሆነ እነዚህን አምስቱን ላኩልኝ።

11. አስቀምጡ

ሰፊ መሳቢያ ካላችሁ ዘርግታችሁ በማይላር ውስጥ አስቀምጡ። ቦታ ከሌለ በነበረበት እጥፋት ታጥፎ፣ ከአሲድ ነፃ ካርቶን ጋር በከረጢት ይቀመጥ። ከመክፈትና ከማጠፍ የበለጠ የሚጎዳው ነገር የለም፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር አትዘርጉት። መጠቅለል ካለባችሁ ቱቦው ቢያንስ 4 ኢንች ስፋት ይኑረው። ጠበብ ያለ ቱቦ ወረቀቱን ያጨማድዳል።

ምድር ቤት እርጥብ ነው፤ ጣሪያ ሥር ያለ ዕቃ ቤት ይሞቃል። ሁለቱም አይሆኑም። የመኝታ ቤት ቁም ሣጥን ይሻላል። የሚሸት ለስላሳ ላስቲክ አትጠቀሙ፤ ከጊዜ በኋላ ከቀለሙ ጋር ይጣበቃል።

መስቀል ከፈለጋችሁ አልትራቫዮሌት የሚከላከል አክሪሊክ ያለው ፍሬም ግዙ። ወረቀቱ አክሪሊኩን እንዳይነካ መሃል ላይ ክፍተት ይኑር። ፀሐይ በሚገባበት ግድግዳ ላይ አይሰቀል። ቀዩ ቀለም ቶሎ ይሄዳል፤ ከሄደም አይመለስም።

12. ዋጋውን እዩ

በኢቤይ ላይ የተለጠፈው ዋጋ ምኞት ነው። «ሶልድ» የሚለውን ማጣሪያ ተጫኑና በእውነት የተሸጠበትን እዩ። ልኩ፣ ዓመቱና ጉዳቱ ከእናንተ ጋር የሚመሳሰለውን ብቻ ያዙ። የአስፈሪና የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልሞች ከሙዚቃዊና ከቤተሰብ ኮሜዲዎች የተሻለ ይሸጣሉ። ሎቢ ካርድ ላይ ደግሞ የኮከቡ ፊት መኖር ወሳኝ ነው። ዋና ተዋናይ የሌለበትን «ዴድ ካርድ» ይሉታል፤ ዋጋውም እንደ ስሙ ነው።

ጨርቅ ላይ ማስለጠፍ የሚያወጣው ገንዘብ ከፖስተሩ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። መጀመሪያ የተሸጠበትን እዩ፣ ከዚያ ወስኑ።

ብዙ ሰው የሚሳሳታቸው ነገሮች

*ቅዳዱን በስኮች ቴፕ መለጠፍ።* ሙጫው ወደ ወረቀቱ ይገባና ቡናማ ይሆናል። የተለጠፈ ካለ ራሳችሁ አትላጡ።

*እጥፋቱን በካውያ መተኮስ።* ሙቀቱ ወረቀቱን ያደርቃል፣ ቀለሙንም ሊያነሳ ይችላል። እጥፋት ለዚያ ዘመን ፖስተር ነውር አይደለም፤ ገዢም ይጠብቀዋል።

*ላሚኔት ማድረግ (በፕላስቲክ ማሸግ)።* ከዚህ በኋላ መመለሻ የለም።

*ቆሻሻውን በላጲስ ወይም በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ።* ጥቂት ጊዜ ሳይሆን ሁልጊዜ ነው ጉዳት የማየው። አቧራን በለስላሳ ብሩሽ ብቻ አራግፉ።

*የማረጋገጫ ሰርተፍኬት ማመን።* ማንም ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ማተም ይችላል። ሻጩ የጀርባ ፎቶ ካልሰጠ ወረቀቱ ምንም አይረዳችሁም።

*«ቪንቴጅ» የሚለውን እንደ «ኦሪጅናል» መቁጠር።* የ1970ዎቹ ቅጂም ዛሬ ቪንቴጅ ነው።

*ስትሸጡ ዳግም ዕትሙን ዝም ብሎ ማለፍ።* «አር» ካለ በርዕሱ ላይ ጻፉት። የሚያውቅ ገዢ ሕዳጉን ያነባል፣ ዕቃውን ይመልሳል፣ የፖስታውንም እናንተ ትከፍላላችሁ።

*በስስ ፖስታ መላክ።* የታጠፈውን በከረጢት አድርጋችሁ ከእሱ በሚሰፉ ሁለት ጠንካራ ካርቶኖች መሃል አስገቡ። የካርቶኖቹን ጠርዝ እርስ በርስ ለጥፉ። ቴፑ ከረጢቱን አይንካ፤ ገዢው በቢላ ሲከፍት ፖስተሩን አብሮ ይቆርጠዋል።